በቁምዎ ለተለቀሰልዎ አባቴ

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አባቴ ለሸህ ዘይኑልአቢዲን፤ ባሉበት አሶሳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ለሱብሂ ሲነሱ ያ የወገብ ውጋትዎ ተወዎት ወይስ ዛሬም ግድግዳ እያስያዘ ነው የሚያስነሳዎ? ካሊድ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ የአሶሳ ሙቀት ለወረባቦ ሰው እንዴት ይሆናል? እህል ይበላልዎታል? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ወንድሜና ባለቤቱ ሙና፣ ትንሿ ልጃቸው ፊርደውስስ እንዴት ናቸው? እኔ ልጅዎ ሸሪፋ በእርስዎ ዱዓ በአካሌ ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። በልቤም ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ከዚህ በፊት ስጽፍልዎ ደህንነትዎን የምጠይቀው ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ለወጉም ጭምር ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዷን ጥያቄ መልሷን ፈልጌ ነው የጻፍኳት። አንዷንም ሳይዘሉ በገዛ እጅዎ እንዲመልሱልኝ እለምንዎታለሁ። ምክንያቱን ሲሰሙ ይስቁብኝ ይሆናል። ቢስቁብኝ ደስታዬ ነው።

ጆሮዎ የስልክ ድምፅ አልለይ ካለ ወዲህ ከእርስዎ ጋር የቀረን መንገድ ወረቀት ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ስለሺ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጭኖ እስከ አሶሳ ይሄዳል። በእጅዎ እንዲሰጥዎ፣ ለሌላ ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። ሲመለስም መልስዎን ይዞልኝ ይመጣል፤ እስከዚያ እኔ እዚህ የምኖረው እንዴት እንደሆነ አላህ ይወቀው።

አባባ፣ ዋናውን ነገር ከሌላ አፍ ሳይሰሙት እኔ ልንገርዎ። ሞተዋል ተብሎ በአገርዎ በቢስቲማ ተለቅሶልዎታል። የለቅሶ ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ ተጠርቶ አገሩ ሁሉ ወጥቷል፤ ዳስ ተጥሏል፣ ሶደቃ ታርዷል፣ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውንም ሶላት ሰግደውልዎታል። ወሬው የወጣው ከማስተምርበት ክፍል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ምንም ሳይሰሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተስቢሕዎን ሲቆጥሩ እንደነበር አምናለሁ። ማመን እፈልጋለሁ።

አሁን ከሥሩ ልጀምርልዎ። ዩኒቨርሲቲያችን እያንዳንዱ መምህር በሚያስተምረው ትምህርት ውስጥ የዲጂታል ዕውቀት የሚባለውን እንዲያስገባ አዘዘ። ይህ ስልክና ኮምፒዩተር መነካካት ብቻ አይደለም። በዚያ በኩል የሚመጣውን ነገር ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንደተነሳ፣ እውነት ይሁን ሐሰት መለየት ነው። እርስዎ በቂርአት ቤትዎ ደረሶችዎን ከማን ሰማኸው፣ እሱስ ከማን ሰማው እያሉ የሰሚውን ሰንሰለት እስከ ላይ ሳያስቆጥሩ ሐዲስ አያሳልፉም ነበር፤ ያው ነው፣ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ። ለዚህ ነው ትእዛዙ ሲመጣ ከመምህራኑ ሁሉ እኔ የቸኮልኩት። የአባቴን ሥራ ላስተምር ነው ብዬ ነበር።

ለሥልጠናውም ከደሴ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት ሚኒባሱ በሐረጎ ቁልቁለት ጉም ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወርድ እጄን በሹራቤ እጅጌ ሸሽጌ እሄዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ በክንዴ እይዛለሁ። እዚያ ያየሁት ቤተ ሙከራ ያማረ ነው። የእኛ የደሴው ግን ከኮምፒዩተሮቹ የሚነሱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ እነሱም ያሸልባሉ። ስለዚህ የማስተምረው በተማሪዎቹ ስልክ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀውን አንዱን ስልክ ለሦስት ለአራት ሆነው ተደፍተው ያያሉ።

ደስ የሚል ሥራ ነበር፣ አባባ። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ ሥሩ ስላቸው ስልካቸው ላይ ያለውን ራሱ የሚጽፍ ማሽን አዝዘው፣ የጻፈላቸውን ሳያነቡ የሚያስረክቡኝ ነበሩ። አንዱማ ስለ ቦርከና ወንዝ ጻፍ ብለው ቦርከናን ቀይ ባሕር አስገብቶልኝ መጣ። የኮምቦልቻ ልጅ! በየቀኑ የሚሻገረውን ወንዝ! የትምህርት ክፍላችን አንጋፋ መምህር አቶ ቀለሙ ይህን ሰምተው ሲስቁ ሰነበቱ። እሳቸው ካርታን በእጁ ያልሣለ ልጅ ተራራ አያውቅም ባይ ናቸው፤ ስልክ ክፍል ውስጥ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። እኔም ቆይ ያያሉ እላቸው ነበር። እውነትም ልጆቹ ቀስ በቀስ መጠየቅ ጀመሩ። ይህን ማን አለው፣ መቼ አለው፣ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ ሲሉ ስሰማ ልቤ ይሞላ ነበር።

አንድ ቀን ለልምምድ ፎቶ አስፈለገኝ። የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ አይወሰድም ብዬ ስለማስተምር የማንንም ልጅ አባት አልነካም ብዬ የራሴን አባት አመጣሁ። ገራዶ ሠርግ ሄደን የተነሱትን ያስታውሳሉ? ነጭ ጋቢዎን ደርበው፣ ምርኩዝዎን ይዘው፣ የጦሳ ተራራ ከኋላዎ ቆሞ። ተራራውን አይታችሁ ቦታውን፣ ጥላቸውን አይታችሁ ሰዓቱን ንገሩኝ አልኳቸው። ተከራክረው ተከራክረው አገኙት። እኒህ ሽማግሌ ማን ናቸው ሲሉኝ አባቴ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ናቸው፣ አሶሳ ነው ያሉት አልኩ በኩራት። ቀጥዬ ሌላ ሥራ ሰጠኋቸው፤ ውሸት እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ውሸትን አይለይም ብዬ፣ አንድ አሳሳች ማስታወቂያ ሠርተው በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ብቻ እንዲያወጡ፣ ሌሎቹ ስህተቱን እየነቀሱ እንዲያወጡለት ነገርኳቸው።

ሚስባህ የሚባል ተማሪ አለኝ፤ ኮምቦልቻ አክስቱ ዘንድ ያደገ፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይጠግብ ልጅ። እሱ የእርስዎን ፎቶ ወስዶ የሞት ማስታወቂያ ሠራበት። ከላይ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን ብሎ፣ ከታች ታላቁ ዓሊም ሸህ ዘይኑልአቢዲን በአሶሳ አረፉ ብሎ። ሳየው፣ ሞት ለልምምድ አይሆንም፣ አሁኑኑ አጥፋው ብዬ ተቆጣሁት፤ ልጁም ደንግጦ አጠፋው፣ አፉ በይኝ እያለ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። እኔም እዚያው ያለቀ መሰለኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር?

በዚያን ቀን ክፍል ያልገባ አንድ ተማሪ ነበር። ሀፊዝ ይባላል፤ የቢስቲማ ልጅ ነው፣ አባቱ ከእርስዎ ዘንድ የቀራ ነው። ማስታወቂያው ሳይጠፋ በፊት ስልኩ ላይ አይቶታል፤ ሥራው ልምምድ መሆኑን ያስረዳሁትን ግን አልሰማም። ያየው የአባቱን ሸህ ፎቶ ነው። ወዲያው ማስታወቂያውን ልኮ ወደ ቢስቲማ ደወለ። የሀፊዝ አባት የሰማውን ለቅሬው ነገረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይጠብቃል?

አንድ ነገር ይጠይቁኝ ይሆናል። ሀፊዝ ለምን አንቺን አልጠየቀሽም? እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩ! ግን አባባ፣ እንዴት ብሎ ይጠይቀኝ? የአገራችንን ወግ እርስዎ ያውቁታል። አባቷ የሞተባትን ልጅ አባትሽ ሞቱ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ እስኪነግረው ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። ልጁ በደንብ ያደገ ልጅ ስለሆነ ዝም አለ። እኔ ለተማሪዎቼ የሰማችሁትን ነገር ከባለቤቱ አጣሩ እያልኩ ሳስተምር፣ በእኛ አገር ሞትን የሚሸሽጉት ከባለቤቱ መሆኑን አንድ ቀንም አላሰብኩትም። ውሸቱን በአንድ ቃል ማፍረስ የምችለው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆልኛል።

ወሬው ከቢስቲማ ዞሮ ደሴ ገብቶ ኖሮ፣ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ደግ ሆኖብኝ ነበር። አቶ ቀለሙ ቦርሳሽን ልያዝልሽ አሉኝ፤ በዕድሜያቸው የማንንም ቦርሳ ይዘው አያውቁም። ተማሪዎቼም ቢስቲማ መለቀሱን ሲሰሙ ልምምዱ እውነት ሆነ ብለው ኖሮ፣ ዝም ብለው ይሰሙኛል። ጎረቤቴ እትዬ ብዙዬ ጠዋት ማታ ምግብ ታመጣለች፣ እራት በልተሻል ወይ እያለች ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። የሰፈሬ የቧንቧ ውሃ የቅሬ ሴቶች በደጄ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ሞኟ ትምህርቴ ሰምሮልኝ ሰው ያከበረኝ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቢስቲማ ተነስተው መጡ። ሱብሂ ሰግጄ ሳልነሳ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩት፤ ሦስቱም ነጭ ጥምጥማቸውን አስረው ቆመዋል፣ ከኋላቸው እትዬ ብዙዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ። አባባ፣ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ አውቄው ነበር። በሰው በር ላይ በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚቆም ለሌላ ነገር አይመጣም። አንዱ አብሽሪ ልጄ፣ ሶብር አድርጊ፣ የጀሊሉን ውሳኔ የሚመልስ የለም ብለው ጀመሩ፤ የቀረውን አልሰማሁትም። ጮህኩ። ማስታወቂያውን አላስታወስኩም፣ ሚስባህን አላስታወስኩም፣ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ሁሉ አላስታወስኩም። ስልክ ቢሆን እጠራጠር ነበር፤ ጽሑፍ ቢሆን ከየት መጣ እል ነበር። ጎህ ሲቀድ የመጣን ሽማግሌ ግን የሚጠራጠር ከእናቱ አልተወለደም።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቤቱ ሰው ሲሞላ፣ አንዷ ሴት እኒህ ደግ ሰው እያለች ስልኳን ለጎረቤቷ ስታሳይ ዓይኔ ወደቀበት። ጋቢዎ፣ ምርኩዝዎ፣ ከኋላዎ ጦሳ። የእኔ ፎቶ! የእኔ ክፍል! ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ውሸት ነው፣ ተማሪዬ ለትምህርት የሠራው ነው፣ አባቴ አልሞቱም ብዬ ተናገርኩ። አንድም ሰው አላመነኝም። እሺ ልጄ፣ እሺ እያሉ ትከሻዬን ይደባብሱኛል። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ሲባባሉ እሰማለሁ። ለካሊድ ደወልኩ፤ ስልኩ እስኪነሳ የጠበቅኩትን ጥበቃ ለጠላቴም አልመኘውም። ካሊድ አነሳና አባባ ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ተሽሏቸው ተኝተዋል አለኝ። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጌው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰምተው እርስ በርስ ተያዩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ለምን እንደተያዩ ይገባዎታል። ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ተኝተዋል የሚለው ቃል፣ ሞትን ለመሸሸግ ሁላችንም የምንለው ቃል ነው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ያረፈች ጊዜ እኔ ለትምህርት ከቤት ርቄ ነበር። በየሳምንቱ ስደውል ካሊድ እማ ትንሽ አሟት ነው፣ ተኝታለች ይለኝ ነበር። እኔም በሏት ሲሻላት ትደውልልኝ እያልኩ ስስቅ ሰነበትኩ። እርሷ ግን አፈር ለብሳለች። እርስዎም በዚያ ጊዜ ፈተናዋን ትጨርስ ብለው እንደፈቀዱ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩዎትም፣ ወጉ ነው። ነገር ግን የወንድሜን ያንን ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ያ ድምፅ ነው ተኝተዋል ያለኝ።

በማግስቱ ካሊድ ቪዲዮ ላከልኝ፤ ዛሬ ጠዋት ነው የቀረጽኳቸው ብሎ። አየሁዎት! በረንዳው ላይ ተቀምጠው እጅዎን ወደ እኔ አነሱ። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ለእትዬ ብዙዬ አሳየሁ። ለቢስቲማ ሽማግሌዎችም ላክሁት። የእነሱ መልስ ምን ሆነ መሰለዎ? ፎቶ በሐሰት ይሠራል ብለሽ የነገርሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ይኸስ እንዳልተሠራ በምን እናውቃለን አሉኝ። ደግሞም በደግ ቃል ነው ያሉት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይሉ የለ! አሁን ሁሉም መላ ጨማሪ ሆኗል፤ ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ ይጥላል።

እኔም ከዚያ በኋላ የማስተምረውን ሥራ በራሴ ላይ ሠራሁት። ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ አየሁት። ፊርደውስ ከኋላዎ እየሳቀች ስታልፍ ትታያለች፤ የላይ የፊት ጥርሶቿ ሙሉ ናቸው። ለረመዳን ዒድ ስደውል ግን ሙና የፊርደውስ የፊት ጥርሶች ወለቁ፣ ጣሪያ ላይ ጣልንላት ብላ አስቃኛለች። ጥርስ በዚህ ፍጥነት ይበቅላል እያልኩ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ቪዲዮው የዛሬ ጠዋት አይደለም፣ አባባ። ከዒዱ በፊት የተቀረጸ ነው። ወንድሜ ዋሸኝ።

ለምን ዋሸኝ? ያን ቀን በእርግጥ ተኝተው ነበርና እንዳልጨነቅ ብሎ የቆየውን ልኮልኝ ይሆናል። ወይም ታመው ፊትዎ ስለከሳ እንዳላይብዎ ብሎ ይሆናል። ወይም ሦስተኛውን አልጽፈውም፤ ብዕሬ አይሄድም። ከዚያ ወዲህ ካሊድ ስልኩ አይነሳም፣ ሲነሳም መስመሩ ሄሎ እንዳልኩ ይቆረጣል። ፊት ለፊት የሚያሳየውን ጥሪ ብሞክር የሚመጣው ምስል ደርቆ ይቀራል። ሙናን አግኝቻት ነበር፤ አባባ ደህና ናቸው አለችኝና አለቀሰች። ለምን ታለቅሻለሽ ስላት አንቺ አሳዝነሽኝ ነው አለች። እውነቷን ይሆናል። እኔ ግን የሙናን ለቅሶ ስመዝን ነው የማድረው።

አእምሮዬ ደህና መሆንዎን ያውቃል። ወሬው ከእኔ ክፍል መውጣቱን፣ ሚስባህ ከሆዱ የፈጠረው መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጁ የአሶሳን አፈር ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን የሚስባህ ማስታወቂያ ውሸት መሆኑ ብቻ እርስዎ ደህና መሆንዎን አያስረዳልኝም። ይህን ሐሳብ አንዴ ካሰብኩት ወዲህ ልተወው አልቻልኩም። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት በየሰዓቱ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልም ይላሉ፤ ለእኔ ግን ስንት ጊዜ ነጋ፣ የሚጠራ ነገር አጣሁ። ንጋቱንም ራሱን ፈራሁት። ሱብሂ ስሰግድ በሩን እያዳመጥኩ ነው።

ለምን አትመጪም እንዳይሉኝ። ፈተና እየደረሰ ነው፤ ተማሪዎቼን ትቼ ብወጣ መርዶውን አመነችው ይባላል። ፈተናው እንዳለቀ፣ አላህ ካለ፣ አረፋን ከእርስዎ ጋር ነው የማደርገው። እውነቱን ልንገርዎና ደግሞ እግሬ ፈርቷል። የአሶሳው በራችሁ ላይ ደርሼ ማን እንደሚከፍትልኝ አላውቅም።

ሚስባህ ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባም። ኮምቦልቻ ወርጄ አክስቱ ቤት አገኘሁት፤ ያ ቀልደኛ ልጅ ከስቷል፣ ምግብ አይበላም። እኚያን ሰው በቁማቸው ገደልኳቸው፣ እውነት ቢሞቱ እኔ የጠራሁት ሞት ነው እያለ ያለቅሳል። ልጄ፣ ሞት በማስታወቂያ አይመጣም፣ ሁሉም በቀኑ ነው አልኩት፤ ለራሴ ያልጠቀመኝን ምክር ለእሱ ሰጠሁት። ሀፊዝም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። ሁለቱንም አፉ ይበሏቸው። እኔንም አፉ ይበሉኝ። ለሠርግ የተነሱትን ፎቶ ወስጄ ለለቅሶ ያዋልኩት እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ይህ የዲጂታል ነገር ለጊዜው ይቁም እያሉ ነው። የገረመኝ፣ ለትምህርቱ የተከራከሩልኝ አቶ ቀለሙ ናቸው፤ ልጆቹ ውሸቱን ከእሷ ክፍል ውጭም በየቀኑ ያገኙታል፣ እዚህ ሳሉ ይማሩት አሉ። እኔ ራሴ ግን ምን ብዬ እንደምቀጥል ገና አላወቅኩም። ማጣራትን አስተማርኳቸው፤ ያጣራ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚያምን አላስተማርኳቸውም። እሱን ከየት እንደምማረው እርስዎ ይንገሩኝ።

አሁን ሀጃዬን፣ ልመናዬን፣ ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ቢስቲማ መኪና መጠበቂያው ላይ የሸኙኝን ቀን ያስታውሳሉ? መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብለው በጆሮዬ አንድ ነገር ነገሩኝ። እናቴ ምን አሉሽ እያለች ስንት ዓመት ጠየቀችኝ፤ እንደጠየቀችኝ አለፈች። ካሊድም አያውቀውም። ለማንም አልተናገርኩትም፤ በስልክ አልተናገርኩትም፣ የትም አልጻፍኩትም፣ እዚህም አልጽፈውም። ያንን ቃል ይጻፉልኝ። በብዕር፣ በራስዎ እጅ፣ በዚያ ወደ ቀኝ በሚያዘነብለው ፊደልዎ። ሌላ ምንም ባይጨምሩበት ግድ የለኝም። ፎቶም ቪዲዮም አይላኩልኝ። ያንን ቃል ባየሁ ቀን ቢስቲማ ወርጄ፣ በተለቀሰበት ዳስ ቦታ ላይ ቆሜ ሶደቃ አበላለሁ፤ የለቀሱልዎም ሁሉ መጥተው ይስቁ።

ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለሙና፣ በስልክ ስላስለቀስኳት አፉ ትበለኝ። የፊርደውስን ሁለቱን ጉንጮች ይሳሙልኝ፤ አዲሶቹ ጥርሶቿ ወጥተው እንደሆነ ይጻፉልኝ፣ ይህም ከጥያቄዎቼ አንዱ ነው። ለአጥር ጎረቤትዎ፣ ከእርስዎ ጋር መስጊድ ለሚውሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። እትዬ ብዙዬም አቶ ቀለሙም እጅግ አድርገው ሰላም ብለውዎታል።

የመጨረሻው ሰላምታ ለወንድሜ ለካሊድ ነው። አባባ፣ የሚያነቡት እርስዎ ከሆኑ ይህችን እንዳላዩ ይለፏት፤ ወረቀቱን ዘርግተው ብዕር አምጡልኝ ይበሉ። ካሊድ፣ ይህን ደብዳቤ ከስለሺ እጅ ተቀብለህ የከፈትከው አንተ ከሆንክ፣ በአባባ ፈንታ እንዳትጽፍልኝ። ደህና ናቸው እንዳትለኝ፤ ተኝተዋልም እንዳትለኝ። እንደ ወጋችን ሽማግሌ ላክልኝ፣ ጎህ ሲቀድ ይምጡ። በሩን እኔው ራሴ እከፍታለሁ።

ልጅዎ ሸሪፋ ዘይኑልአቢዲን
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.